ሰማንያ ቀንሱለት

ጥቅምት 18

ዛሬም እንደወትሮው። ናፍጣ አሞቅኩ፣ ፔሮክሳይድ ጠብ ጠብ አደረግኩ፣ ባለቤቴ ከጋገረው ዱቄት በማንኪያ ጫፍ ጨመርኩ። ማግኔቷ ከሥር እየዞረች ስታማስለው ቁጭ ብዬ አየሁ። ስልሳ ዲግሪ። ከዚያ ካለፈ ፔሮክሳይዱ ሥራውን ትቶ አረፋ ብቻ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ አዲሷ ጸሐፊ መልእክት ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ያዘች። እዚህ ምን እንደምንሠራ ጠየቀችኝ። ድኝ እናወጣለን አልኳት። ናፍጣ ውስጥ ድኝ አለ፣ ሲቃጠል ጭሱ ሰው ሳንባ ይገባል። ከፔሮክሳይዱ የሚወጣው ኦክስጅን ቢይዘው ጠባዩ ተለውጦ ታጥቦ ይወጣል። ችግሩ ሁለቱን ብቻቸውን ብትተዋቸው ዓመት ቢቀመጡም አይነካኩም። ዱቄቱ ነው የሚያቀራርባቸው። እና ዱቄቱ አያልቅም ወይ አለችኝ። አማላጅ ነው፣ አስታርቆ ይወጣል እንጂ ከድግሱ አይበላም አልኳት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ንግግር እንደሆነ ትዝ ያለኝ። ቃል በቃል የሱ። ባለቤቴ ከሞተ ሦስት ዓመት አለፈው፣ ግን አሁንም በኔ አፍ ያወራል...

ጸሐፊዋ መልእክቷን ልትረሳው ነበር። ነገ ጠዋት አለቃ ይፈልጉኛል።

ጥቅምት 19

አለቃ ራሳቸው ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ነገሩ ደህና እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝ።

የነዳጅ ዴፖው ያረጀ ናፍጣ ተከማችቶበታል። ድኙ ከሚፈቀደው በላይ ስለሆነ መሸጥ አይችልም። ትልልቆቹ ማጣሪያዎች በሃይድሮጅንና በከባድ ግፊት ነው የሚያወጡት፣ ዴፖው ደግሞ ለዚያ አቅም የለውም። የኛን መንገድ ሰምተው ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሊያዩ ይመጣሉ። ያለንን ዱቄት ማየት አይፈልጉም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ደግማችሁ መሥራት ትችላላችሁ?

ካልቻልን ክፍሉ ይታጠፋል። ድኙን የምትለካልኝ ባልደረባዬ፣ ባለመለኪያዋ፣ ወደ ሌላ ክፍል ትሄዳለች። እኔ ጡረታዬ እስኪደርስ ላይ ፎቅ፣ መዝገብ ቤት። አለቃ ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም።

"ይችላሉ አይደል?"

"እችላለሁ።"

አፌን ቁርጥ ያድርገው! ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ማንኪያ ዱቄት ጋግሬ አላውቅም። የሚጋግረው እሱ ነበር። የቀረኝ አንድ ጠርሙስ፣ እሱም ግማሽ።

ይህን ጉራዬን ቢሰማ "ሰማንያ ቀንሱላት" ይል ነበር። ለነገሩ ለሴት ብሎት አያውቅም። ወንድ ጉራ ሲነዛ ነው የሚላት። እኔና እሱ የተጋባነው በሰማንያ ነው፣ ተፈራርመን። "ሰማንያውን ቀንሱለት" ሲል ሚስቱን ብትቀንሱለት ምን ይቀረዋል ማለቱ ነው። እንዴት እንደምወዳት ይቺን ንግግር። ሰው ፊት ሲላት ደረቴ ይነፋ ነበር።

ጥቅምት 22

ቤት ውስጥ ሥራ ተከፋፍለን አናውቅም፤ ያገኘ ያጥባል፣ ያገኘ ይጠርጋል። ላቦራቶሪ ግን ድንበር ነበረን። እቶኑ የሱ፣ ብልቃጡ የኔ። አንዴ አልፌ የእቶኑን በር ልከፍት ስል ከኋላዬ ደረሰብኝ። "እመቤት፣ እኔ ያንቺን ፔሮክሳይድ ነክቼ አውቃለሁ?" አለኝ። ቁጣ አልነበረም፣ ግን ቀልድም አልነበረም። ሁለተኛ አልነካሁትም።

ስንተዋወቅ ገና አዲስ ገቢ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ዱቄት በማርማላታ ጠርሙስ አድርጎ አመጣልኝ። ክዳኑ ላይ ገና ማርማላታው አለ። ይሄ እንዴት ንጹሕ ይባላል ብዬ ጮህኩበት። በማግስቱ ጠርሙሱን አጥቦ፣ አድርቆ፣ አዲስ ጋግሮ መጣ። እጁ ትኩስ ነበር። ሁልጊዜም ትኩስ ነበር እጁ፣ ከእቶን አይለይማ። ብርድ በሆነ ጠዋት ሰው አለ የለም ብዬ ዞር ዞር አይቼ እጄን እጁ ውስጥ እከት ነበር።

ምን አለ አንድ ጊዜ እንኳ አጠገቡ ቆሜ ባየሁ?

ኅዳር 3

ጋገርኩ። ወግ ደረሰኝ።

አሠራሩን ማን የማያውቀው አለ? መነሻ የሚሆነውን ነጭ ዱቄት ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ጨው ባለበት ውሃ ማራስ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ እቶን። "ስድስት መቶ፣ አራት ሰዓት" ይል ነበር ለጠየቀው ሁሉ። እኔም ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ። አሮጌው እቶን አምና ተበላሽቶ ለቁራጭ ብረት ተሽጧል። አዲሱ ቁጥሩ አረንጓዴ እየበራ ይታያል፣ ድምፅ እንኳ የለውም። ስድስት መቶ ሞላሁ፣ አራት ሰዓት ጠበቅኩ።

ወጣ። ቢጫ ነገር። የሱ ነጭ ነው፣ ትንሽ ወደ ወተት ቅባት የሚያደላ።

ሞከርኩት። ባለመለኪያዋ ቁጥር ስትናገር ዳኛ ነው የምትመስለው፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ከሚሊዮን እጅ ስምንት መቶው ድኝ የነበረው ናፍጣ ወደ ስድስት መቶ አርባ ወርዷል። ከዚያ በታች ንቅንቅ የለም። የሱ ዱቄት ወደ ሠላሳ ስምንት ነው የሚያወርደው።

ኅዳር 11

ሁለተኛው ጋገራ። ጨው አብዝቼ፣ ማራሱን አንድ ሌሊት አሳድሬ። ይባስ ብሎ ሰባት መቶ አካባቢ ቀረ።

ባለመለኪያዋ መለኪያዋን አጥፍታ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል አለች፣ ዱቄቱ ፊት የለውም፣ ድኙ የት ሄዶ ይቀመጥ? ልክ ናት። ግን ለምን ተደፈኑ? ሙቀት ሲበዛ ነው የሚደፈኑት። እኔ ደግሞ እሱ ካለው አንድ ዲግሪ አላሳለፍኩም።

የሞሊብዲነሙ ጨው ለአንድ ጋገራ ብቻ ቀርቷል። ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። አንድ ዕድል ብቻ ማለት ነው።

ኅዳር 12

ምንም። ብርድ ብቻ።

ኅዳር 19

ዛሬ ሰይጣን ሲያጫውተኝ ዋለ። የሱን ጠርሙስ አውጥቼ ብርሃን ላይ ያዝኩት። ከዚህ ብሰጣቸውስ? እኔ የጋገርኩት ነው ብል ማን ያውቃል? ባለመለኪያዋ ታውቃለች፣ ግን አፏን የምትከፍት ሴት አይደለችም። ክፍሉ ይተርፋል፣ መዝገብ ቤቱ ይቀራል...

ከዚያስ? ዴፖው በበርሜል ሲጠይቀኝ የምሰጠው ከየት ነው? ደግሞም በሱ ሥራ መዋሸት አንጀቴ እንቢ አለ። ክዳኑን ሳልከፍት መለስኩት።

ልጄ ማታ ፊቴን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት። መቼም እሷን ማታለል ዘበት ነው፤ ሻይ አፍልታ አመጣች፣ ደግማ አልጠየቀችኝም። የአባቷ ልጅ።

ኅዳር 28፣ እሑድ



ወንድም ጋሼ መጣ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ጋራዥ አለው፣ ጉራውም አብሮት አለ። እንደተቀመጠ ጀመረው። ሰባት ጋራዥ ያቃተው ከባድ መኪና ነበር አሉ፤ እሱ ሞተሩን እንኳ ሳይከፍት ጆሮውን ለጥፎ ሰምቶ በሽታውን አገኘው፣ የመኪናው ባለቤት ግንባሩን ሳመው፣ አለቀሰ። እኔ እህ እህ እያልኩ እሰማለሁ፣ ልቤ ግን እዚያው ቢጫው ዱቄት ላይ ነው።

ልጄ ከወጥ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "እማዬ፣ ሰማንያ ቀንሺለት" አለች።

ወንድም ጋሼ ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ። ይቺ ነገር ገና አልሞተችም እንዴ አለ። ያ ውሸታም እቶን ተሸጦ ስሙ ብቻ ቀረ አለ።

የምን እቶን? አልኩ።

አታውቂም እንዴ ብሎ ነገረኝ። ድሮ፣ እኔ ሳልመጣ፣ ስፕሪንግ ሊያጠነክር ወንድሙ ጋ ላቦራቶሪ ይዞ ይሄዳል። ስፕሪንግ ሲሞቅ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሰማያዊው ላይ ነው የሚወጣው። የእቶኑ ቁጥር ከሰማያዊው አልፎ ሄዷል፣ ስፕሪንጉ ግን ገና ቢጫ ነው። ምን ዓይነት ዕቃ ነው ብሎ ይጮኻል። ያኔ ባለቤቴ እየሳቀ "እሷ ከተወለደች ጀምሮ ትዋሻለች። ሰማንያ ቀንስላት፣ እውነቱ ያ ነው" ይለዋል። የዚያን ቀን ማታ ራት ላይ ወንድም ጋሼ ስለያዘው ዓሣ ሲያወራ "ለዚህም ሰማንያ ቀንሱለት" ይላል። ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡ ተረት ሆኖ ቀረ።

"ቁጥሩ ስንት ነበር የሚያሳየው?" አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

"ስምንት መቶ... ዘጠኝ መቶም ሳይሆን አይቀርም።"

በስምንት መቶማ ስፕሪንጉ ፍም ይሆን ነበር! ይኸው፣ እውነት ሲናገርም ይዋሻል።

ግን ሰማንያ... ባለቤቴ ስድስት መቶ ሲል የነበረው በዚያች እቶን ቁጥር ከሆነ? እሱ ለራሱ ያውቃል፤ መሣሪያው ያሳየውን ቁጥር ነው ለሰው የሚናገረው፣ እዚያ ሌላ እቶን ስላልነበረ ማንም አልተሳሳተም። እውነተኛው ሙቀት አምስት መቶ ሃያ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ የማይዋሽ እቶን ላይ ስድስት መቶ ሞላሁ። ለካ ሳቃጥለው ነው የከረምኩት...

ኅዳር 29

ሌሊቱን አልተኛሁም። በደስታ ቢሆን ጥሩ ነበር። በንዴት ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት ስለኔ የሚያወራ መስሎኝ! ሰማንያ ማለት እኔ፣ ፊርማችን፣ ሚስቱን ብትቀንሱለት... ጎረቤት አልቀረኝም ያላወራሁለት። ለካ የአሮጌ ብረት ምጣድ ጉዳይ ነው። ልስቅም ልጮህም ፈለግኩ። ሆድ ባሰኝ፣ እንደ ሕፃን። በሞተ ሰው ላይ ይቀየሟል? እኔ ተቀየምኩ።

ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ልጃችን አንደኛ ክፍል የገባች ሰሞን ይመስለኛል፣ የሥራ ባልደረቦች ቤታችን መጥተው ነበር። አንዱ ስለ ሰማንያዋ ጠየቀ። እሱ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ቀደምኩትና የኔን ትርጉም ነገርኳቸው። ሚስቱን ብትቀንሱለት ማለት ነው አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ሁሉም አጨበጨቡ። እሱ አፉን ዘጋ። አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ "እሷ እንዳለችው ነው" አላቸው።

እሷ እንዳለችው ነው። ያውቅ ነበር እኮ። ከዚያ ወዲህ ሲላት ወደኔ እያየ ነበር የሚላት፤ ይሄንንስ አልፈጠርኩትም፣ አየሁት። አውቶቡሱ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ መሐረብ ሰጡኝ።

ለባለመለኪያዋ ነገርኳት። የመጨረሻውን ጨው በአምስት መቶ ሃያ ላይ ላውለው ነው አልኩ።

"የማን ቃል ነው?"

"የባለቤቴ ወንድም።"

"ባለ ሰባት ጋራዡ?" ታውቀዋለች፣ የከባድ መኪናውን ወሬ ለሷም ነግሯታል። "ሌላ ምስክር የለሽም?"

"የለኝም።"

ውሸታም ሰው ቢዋሽ ራሱን ትልቅ ለማድረግ ነው እንጂ፣ ራሱ የተሳቀበትን ወሬ ምን ብሎ ይፈጥራል አለች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉሃል ይሄ ነው። ሄጄ ዱቄቱን አራስኩት።

ታኅሣሥ 1

አምስት መቶ ሃያ። አራት ሰዓት። ከእቶኑ ፊት አልተነሳሁም። ምሳ እንኳ ባለመለኪያዋ ናት ያመጣችልኝ፣ አልበላሁትም።

ይሄን ነበር ዕድሜውን ሙሉ የሚያየው? የተዘጋ በር? ለካ ሰው እዚህ ተቀምጦ ብዙ ያስባል። ምን ያስብ እንደነበር አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ቢሰለቸው ኖሮ ያንጎራጉር ነበር? ወይስ የሚያንጎራጉረው ደስ ሲለው ነው?

ነገ ጠዋት ነው የሚከፈተው። እስኪበርድ አይነካም።

ታኅሣሥ 2

ነጭ!

ወደ ወተት ቅባት የሚያደላ ነጭ። ጣቴን ነክሬ አሸሁት፣ ከሱ ጋር ጎን ለጎን አደረግኩት። የትኛው የማን እንደሆነ ግራ ሊገባኝ ሲል ቶሎ ብዬ ለየኋቸው።

ስልሳ ዲግሪ፣ ፔሮክሳይድ፣ ማግኔቷ። አጠብኩት፣ ለባለመለኪያዋ ሰጠሁ። በሩ ላይ ክፈፉን ይዤ ጠበቅኩ። አንዴ ለካች። ደግማ ለካች።

"ሠላሳ አንድ" አለች።

ከሱ በታች ወርዷል። ከሱ ይሻላል እንዴ? አይ፣ አዲስ ስለሆነ ነው፣ የሱ ዕድሜ ጠገብ ስለሆነ ነው... ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ነበር። ባለመለኪያዋ እንደ ድሮው ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፣ ግን ተነስታ አቀፈችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት አቅፋኝ አታውቅም።

ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። የምነግረው ሰው ስፈልግ ግን እግሬ ወደ እቶን ክፍል ወሰደኝ፣ ባዶ ነው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 22

የዴፖው ሰዎች መጡ። ሦስት ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ፣ መሐንዲሷ፣ ጥያቄዋ ጥያቄ ነው፣ ላቤን አወጣችው። ፊታቸው ሠራሁት። የራሳቸውን ናፍጣ ነው ያመጡት፣ ጥቁር፣ የሚከረፋ። ከአርባ በታች ወረደ። ዱቄቱን አጥቤ አድርቄ ደገምኩት። አሁንም ወረደ። አራት ጊዜ ስንደግመው መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በስንት ዲግሪ ነው የምትጋግሩት ብላ ጠየቀች።

አምስት መቶ ሃያ አልኩ። ከአንገቴ ቀና ብዬ ነው ያልኩት። ወዲያው ቅር አለኝ። ስድስት መቶ ነበር እኮ... እዚህ ክፍል ውስጥ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ስድስት መቶ ነበር። አሁን የሚናፍቀው ማንም የለም፣ ከኔ በቀር።

አለቃ ከሸኟቸው በኋላ ተመለሱ። መዝገብ ቤቱ ሌላ ሰው ይፈልግ አሉ። ክፍሉ አለ። እኔም አለሁ።

ጥር 18

እንዴት ያለ ቀን ነው! ከትናንት ወዲያ የደረሰው የሞሊብዲነም ጨው ግማሹ ከረጢት ርሷል፣ ዱቄቱን ያራስኩት በደረቁ ግማሽ ነው። አቅራቢው ጠዋት ስልክ ላይ እኔ ምን ላድርግ አለኝ። ምን ማድረግ እንዳለበት ነገርኩት፣ አለቃ ከቢሯቸው ወጥተው እስኪያዩኝ ድረስ። ነገ ይለውጣል። ዴፖው የመጀመሪያውን ሃያ ኪሎ ዱቄት ይፈልጋል፤ የኛ እቶን በአንዴ የሚይዘው ሁለት ኪሎ ነው፣ ስለዚህ እስኪበርድ ሳልጠብቅ ሳህኑን በመቆንጠጫ እያወጣሁ ጠዋትና ከሰዓት ልጋግር ወሰንኩ። የመጀመሪያው ወጥቷል፣ ጥሩ ነው። ለሁለተኛው ሳህኑን በጣም ሞልቼው መሐሉ አልበሰለም፣ አሳስቼ መበተን አለብኝ። ይሄን የሚነግርሽ የለም፣ እጅ ነው የሚማረው።

ባለመለኪያዋ አዲሱን የማጠቢያ ፈሳሽ ሞክራ እንደሚሻል ነገረችኝ፣ ተከራከርን፣ ተሸነፍኩ። መሐንዲሷ ደውላ ዴፖው ውስጥ የሚቆመው ጋን ምን ያህል ይሁን አለችኝ፣ ወረቀት ላይ ሥዬ ላክሁላት። እቤት ስገባ ልጄ ፓስታ ሠርታለች፣ ሁለት ሳህን በላሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሥልጠና ክፍለ ሀገር ትሄዳለች፣ ሻንጣ እንገዛለን። እግሬ አብጧል። አዲስ ጫማ ለኔም።

...

ከላይ የጻፍኩትን አሁን መልሼ አነበብኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ደግሜም አነበብኩት።

አንተ የለህበትም።

አንድም ቦታ። ጠዋት ስነሳ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ እቶኑን ስከፍት ስዘጋ... ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላልከኝም። እንዲህ ያለ ቀን ኖሮኝ አያውቅም። ደነገጥኩ፣ ልቤ ስንጥቅ አለ፣ የሆነ ቦታ ጥዬህ የመጣሁ መሰለኝ።

ሥራ በዝቶብኝ ነው እኮ። ሌላ አይደለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ነገም ይበዛብኛል።